ክፍት ካቴና፣ ዝግ ካቴና፦ ከማንቸስተር እስከ ጋአን ሊባህ

ጋአን ሊባህ ውስጥ፣ እኛ ሐበሾች ማታ ማታ ቡና ከምንጠጣበት ቤት ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ፣ ከሸራ ጥላ ስር የሚሠራ ሞተር ሳይክል ጠጋኝ አለ። በዕድሜ ስለሚበልጠን ሁላችንም እንደ አገሩ ልማድ «አዴር» እንለዋለን፤ አጎቴ ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት ሽንኩርትና ድንች ከጅግጅጋ እያስመጣ የሚያከፋፍል አንድ ወጣት ወገናችን ሞተሩን ይዞ መጣ። «አዴር፣ ይቺን የካቴና ሽፋን አውልቅልኝ፤ ትንኳኳለች፣ ካቴናውንም ማየት አልቻልኩም» አለ። አጠገቡ የቆመው ሌላ ደንበኛ ደግሞ ክፍት ካቴና ያለው ሞተር ይዞ ነበር፤ የመጣው በስድስት ወር ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ካቴና ሊያስቀይር ነው። ሁለቱ ክርክር ጀመሩ። አንዱ «ክፍት ይሻላል፣ ችግሩን ታየዋለህ» ይላል፤ ሌላው «ዝግ ይሻላል፣ ችግሩ አይመጣብህም» ይላል።

አዴር ሁለቱንም ሰምቶ ሳቀና «ይህን ጠብ እንግሊዞችም ተጣልተውታል» አለ። እውነቱን ነው። ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ እኛም ሳናውቀው ወርሰነዋል። ሞተር ሳይክል ለብዙዎቻችን እንጀራ ስለሆነ ታሪኩን ከሥሩ ማወቁ አይከፋም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ እዚህ የምንኖረውም በዚያው ስለሆነ።

በመጀመሪያ ካቴና ራሱ ከየት መጣ? በሱማሌኛ «ሲልሲላድ» ይሉታል፣ ከአረብኛ የመጣ ቃል ነው። እኛ «ካቴና» የምንለው ከጣሊያንኛ ነው። ነገሩን ግን ጣሊያንም ዓረብም አልሠራውም። እ.ኤ.አ. በ1864 ጄምስ ስሌተር የተባለ እንግሊዛዊ ለጨርቃ ጨርቅ ማሽኖች የሚሆን ባለ ተሽከርካሪ ካቴና የፈጠራ መብት አወጣ። ሐንስ ሬኖልድ የሚባል፣ ከስዊዘርላንድ ወደ ማንቸስተር የተሰደደ ወጣት ነጋዴ ደግሞ በ1879 የስሌተርን አነስተኛ ፋብሪካ ገዛ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1880፣ በፒኑና በተሽከርካሪው መካከል ቱቦ የመሰለች ቡሽ አስገብቶ ዛሬ የምናውቀውን ካቴና ሠራ። ጋአን ሊባህ ገበያ ላይ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጠው ካቴና፣ ቻይና ይሠራ ሕንድ፣ አሠራሩ ያው የሬኖልድ ነው። ስደተኛ ነጋዴ የሠራው ዕቃ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

የመጀመሪያዎቹ ሞተር ሳይክሎች ግን ካቴና አልነበራቸውም። በ1885 ጎትሊብ ዳይምለር የሠራው የእንጨት ሞተር ሳይክል የሚነዳው በቀበቶ ነበር። ከዚያ በኋላም ለሃያና ሠላሳ ዓመታት ብዙዎቹ በቆዳ ወይም በጎማ ቀበቶ ይሄዱ ነበር። ቀበቶ ድምፅ የለውም፣ ዘይትም አይጠይቅም፤ ዝናብ ሲነካው ግን ይንሸራተታል፣ ዳገት ላይ ይከዳል። ሐርሊ ዴቪድሰን እንኳ ካቴና ለገበያ ያቀረበው በ1912 ነው። ካቴና አይንሸራተትም። በደንብ የተያዘ ካቴና ከኢንጂኑ ጉልበት ከ97 እስከ 98 ከመቶውን ለጎማው ያደርሳል። ጠላቱ ሌላ ነው፦ አቧራ፣ ውኃና የዘይት እጦት።

ለዚህ ጠላት መከላከያው የተገኘው ገና በብስክሌት ዘመን ነው። ጄ. ሐሪሰን ካርተር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ካቴናውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍንና ውስጡ ዘይት የሚይዝ ሣጥን ሠራ። ካቴናው ሲዞር ራሱን በራሱ ዘይት ይቀባል፤ ጭቃ አይነካውም። ሰውየው ዛሬ ተረስቷል፣ ስሙ ግን አልጠፋም። በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ የካቴና ሽፋን፣ ኋላም የኢንጂን ቤት ጭምር፣ እስከ ዛሬ «ካርተር» ይባላል። የሰው ስም የዕቃ ስም ሆኖ ቀረ። የእኛ ጋራዦች ቋንቋ ከጣሊያን የመጣ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ካቻቢቴ፣ ቡሎን፣ ፒንሳ፣ ኩሽኔታ፣ ላሜራ፣ ካምቢዮ የምንለው ሁሉ ከዚያው ነው። ጣሊያኖቹ ራሳቸው ስለ ካቴና ሽፋን ሲያወሩ የሚጠሩት ግን የአንድ እንግሊዛዊን ስም ነው።

የካርተርን ሐሳብ ወስዶ ስም ያወጣበት ጆን ማርስተን ነው፣ የዎልቨርሃምፕተን ከተማ ሰው። ማርስተን ከብስክሌት በፊት ሥራው ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ጥቁር ቀለም መቀባትና ማንጸባረቅ ነበር፤ ትሪ፣ ሣጥን የመሳሰለውን። ላሜራ ማጠፍና ማሸግ ስለሚችል ለብስክሌቱ ካቴና ዘይት የሚይዝ ሣጥን መሥራት አልከበደውም። ብስክሌቶቹ «ሰንቢም» ተባሉ። በ1912 የመጀመሪያውን ሞተር ሳይክሉን ሲያወጣም ያንኑ አደረገ፦ የፊቱም የኋላውም ካቴና በዘይት ሣጥን ውስጥ ታሸገ። ሰንቢም ዋጋው ውድ ነበር፤ የሚገዙትም በሥራ ልብሳቸው ነድተው ሱሪያቸው ላይ የዘይት ጠብታ ሳይነካቸው ቢሮ መግባት የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ። ዝግ ካቴና ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለት ጥቅም እንደነበረው ልብ በሉ፦ ካቴናውን ከአቧራ ያድናል፣ ሰውን ደግሞ ከካቴናው ያድናል። የዛሬው ክርክራችን አብዛኛውን ጊዜ ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛውን እንረሳለን፤ እኔም ረስቼው ነበር።

እንዲህ ጥሩ ነገር ከሆነ ታዲያ ለምን ጠፋ? ምክንያቱ አንድ አይደለም። ሣጥኑ ክብደትና ዋጋ ይጨምራል። ጎማ ሲፈነዳ የኋላውን ጎማ ለማውጣት መጀመሪያ ሣጥኑን መፍታት ግድ ይላል። እሽቅድድም የሚወዱ ሰዎች ደግሞ ክብደትን ስለሚጠሉ ክፍት ካቴና የፍጥነት ምልክት ሆነ። ከሁሉ በላይ ግን የለወጠው የኋላ ሞላ መምጣት ነው። በድሮዎቹ ሞተሮች የኋላ ጎማ ከሻንሲው ጋር ጭብጥ ብሎ የታሰረ ነበር፤ ሣጥኑም ባለበት ይቀመጣል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጎማው በሞላ ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ ሣጥኑም አብሮ የሚንቀሳቀስና የማያፈስ መሆን ነበረበት። ያን መሥራት ይቻላል፣ ገንዘብ ግን ይጠይቃል። ብዙ ፋብሪካዎች ሣጥኑን ትተው ከካቴናው በላይ አንዲት ቀጭን ላሜራ ብቻ አስቀሩ። እኛ «ክፍት» የምንለው ይህንን ነው።

ጦርነት ደግሞ የካቴናን ጉድ አወጣ። የእኛ አካባቢ ያንን ጊዜ በቅርብ አይቶታል። ነሐሴ 3 ቀን 1940 የጣሊያን ጦር ከኢትዮጵያ ተነስቶ ወደ ብሪቲሽ ሶማሊላንድ ገባ፤ ሐርጌሳን በቀናት ውስጥ ያዘ፣ በነሐሴ 19 ደግሞ በርበራ ደረሰ። እንግሊዞች መጋቢት 16 ቀን 1941 በበርበራ በኩል ተመለሱ። በዚያ ዘመን የሁለቱም ወገን ጦር መልእክትና ሰው የሚያመላልሱ ሞተር ሳይክሎች ነበሩት፤ በጣሊያን በኩል እንደ ሞቶ ጉዚ፣ በእንግሊዝ በኩል እንደ ቢኤስኤ ኤም 20 እና ኖርተን 16ኤች ያሉ። የእንግሊዞቹ ሁለቱ ከኢንጂን ወደ ካምቢዮ የሚሄደው ካቴናቸው የተሸፈነ ነው፤ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ግን ከላይ ከለላ ብቻ ያለው ነው። አሸዋ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

የአሸዋውን ነገር አሜሪካኖች ከሁሉ በግልጽ ተናግረውታል፤ የተናገሩትም በገንዘባቸው ነው። የሰሜን አፍሪካ በረሃ ውጊያ በነበረበት ጊዜ፣ አሸዋ ካቴና እየበላ ስላስቸገረ፣ የአሜሪካ ጦር ሐርሊ ዴቪድሰንን ካቴና የሌለው ሞተር እንዲሠራ ጠየቀ። ሐርሊ የጀርመኑን ቢኤምደብሊው አሠራር ተከትሎ ጉልበቱ በብረት ዘንግ ወደ ኋላ ጎማ የሚተላለፍ «ኤክስኤ» የተባለ ሞተር ወደ 1,000 ገደማ ሠራ። ቢኤምደብሊው ያኔ ከ1923 ጀምሮ በዘንግ ነበር የሚሠራው። ነገር ግን ኤክስኤ ሲደርስ ጂፕ መኪና ቦታውን ይዞ ስለነበር ጦሩ ብዙ አልተጠቀመበትም። ለእኛ ትምህርቱ ግን ይበቃል፦ ክፍት ካቴናና በረሃ አይስማሙም፤ ይህን ያለው ደግሞ ገንዘብ የማይቸግረው ጦር ነው።

እዚህ ላይ የባጃጅ ሾፌሮች ወንድሞቻችን «እኛን አይመለከተንም» ሊሉ ይችላሉ፤ ልክ ናቸው። የባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ኢንጂን ከኋላ ተቀምጦ ጉልበቱን በሁለት አጫጭር ዘንጎች ለኋላ ጎማዎቹ ይሰጣል። ካቴና የለውም። ሐርጌሳ በባጃጅ ስትሞላ ካቴና የሚያስጨንቀው ሰው ቁጥር የቀነሰው ለዚህ ነው። ባለ ሁለት እግሩን ለሚነዳ ግን ጥያቄው እንዳለ ነው።

ዝግ ካቴና የተመለሰው በድሃ አገርና በሠራተኛ ሰው በኩል ነው። በምሥራቅ ጀርመን የዞፓው ከተማ ፋብሪካ፣ ከጦርነቱ በፊት ዲካቬ እያለ በ1928 በዓለም ትልቁ የሞተር ሳይክል ፋብሪካ የነበረው፣ በኋላ ኤምዜድ የሚባሉ ሞተሮችን ሲሠራ የኋላውን ካቴና በሁለት የጎማ ቱቦዎችና በላሜራ ቤት ሙሉ በሙሉ ዘጋው። ቱቦው የሚለጠጥ ስለሆነ ሞላው ቢንቀሳቀስም ችግር የለም። በዚያ አገር መለዋወጫ እንደልብ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ቶሎ የማያልቅ ካቴና ቅንጦት ሳይሆን ግዴታ ነበር።

በጃፓን ሆንዳ በ1958 ሱፐር ካብን አወጣ። ሶይቺሮ ሆንዳ ይህን ሞተር ሲያስብ አንድ እጁ ላይ የምግብ ትሪ የያዘ የኑድል አዳይ በሌላው እጁ ብቻ ሊነዳው የሚችለው እንዲሆን ፈልጎ ነበር። ፍሪሲዮን የሚያዝ እጅ አያስፈልገውም፤ ቀሚስ የለበሰች ሴትም እግሯን ሳታነሳ ትቀመጥበታለች፤ ካቴናው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። እስከ 2017 ድረስ የዚህ ሞተር ምርት 100 ሚሊዮን ደረሰ። በዓለም ላይ ይህን ያህል የተመረተ ሞተር ያለው ተሽከርካሪ የለም። «ዝግ ካቴና የሽማግሌ ነው» ለሚለው ወጣት መልሱ ይህ ቁጥር ነው።

ቀጥሎ ያለው ታሪክ ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ነው። በ1970ዎቹ የሆንዳ መሐንዲሶች ሞተሮቻቸው በእስያ አገሮች እንዴት እንደሚያዙ ሄደው አዩ። ያዩት እኛ በየቀኑ የምናየውን ነው፦ ዘይት በጊዜው አይቀየርም፣ ሦስት ሰውና ጆንያ ይጫናል፣ ካቴናው ደርቆ ይጮኻል። «ሰውን አስተምሩት» ብለው አልተመለሱም። ሞተሩን ለሰውየው እንዲስማማ አድርገው ሲጂ 125ን ሠሩ፤ አሠራሩ ቀላል፣ ቸልተኝነትን የሚችል ኢንጂን ያለው፣ ካቴናውም በዝግ ሣጥን ውስጥ ያለ። ያማሃም ለገበሬና ለገጠር ሥራ «ኤጂ» የሚባሉትን ሞተሮች ዝግ ካቴና አድርጎ ሠራ፤ በአፍሪካ ገጠር የእርዳታ ድርጅቶችና የጤና ባለሙያዎች ለዓመታት የነዱት እሱን ነው። በኋላ ቻይናዎች የሲጂን ኢንጂን እየቀዱ በብዛት ሲያመርቱ፣ ብዙዎቹ ኢንጂኑን ወስደው ሣጥኑን ተዉት፤ ርካሽ እንዲሆንና የስፖርት መልክ እንዲኖረው። ዛሬ በገበያችን ሁለቱም ዓይነት ጎን ለጎን መቆሙ ከዚህ የመጣ ነው።

የሕንድን ነገር ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሕንድ መንገድ ላይ ያለው ችግር የእኛው ነው፤ እሱም ልብስ ነው። ሕንዳዊት ሴት ሳሪ ለብሳ ከኋላ ወደ ጎን ዞራ ትቀመጣለች፤ እግሯ ያለው በግራ በኩል ነው፣ የአብዛኞቹ ሞተሮች ካቴናም በግራ በኩል ነው። ስለዚህ የሕንድ የ1989 የሞተር ተሽከርካሪ ደንብ፣ በ123ኛው አንቀጹ፣ ሞተር ሳይክል ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው መያዣና የእግር መርገጫ እንዲኖረው፣ የኋላ ጎማውም ቢያንስ ግማሹ ልብስ እንዳይጠልፍ እንዲሸፈን ያዛል። እንደ ስፕሌንደር ያሉ ለቤተሰብ ተብለው የተሠሩ የሕንድ ሞተሮች ካቴናቸው በሙሉ ሣጥን የተዘጋው ያለ ምክንያት አይደለም። ፋብሪካው ሳሪን አስቦ የሠራው ሣጥን ለነጠላና ለጋርባሳር ይሠራል።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ዝግ ካቴና ያለው አሮጌ የሕንድ ሞተር ገዛሁ። ሽፋኑ አንድ ቡሎን ጎድሎት ይንኳኳ ነበር። አንድ ጠጋኝ፣ አዴር አይደለም ሌላ ነው፣ «ይህን ጣለው፣ ካቴናህን እያየህ ትቀባዋለህ» አለኝ። የአንድ ቡሎን ዋጋ መክፈል ሲገባኝ ላሜራውን አስወልቄ ለብረት ገዢ በትንሽ ብር ሸጥኩት። ደስ ብሎኝም ነበር፤ ድምፁ ጠፋ፣ ካቴናውም በጨርቅ ሲወለወል ያምራል።

ከአምስት ወር በኋላ ከክርስትና ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ከኋላ ወደ ጎን ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን ተከናንባለች። ወደ ሰፈራችን መግቢያ ስንታጠፍ የነጠላዋ ጫፍ ወርዶ በካቴናውና በኋላው ጥርስ መካከል ገባ። ጎማው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ወደቅን። ያዳነን ሁለት ነገር ነው፦ በዝግታ መሄዳችንና ነጠላው ስስ የጥጥ ፈትል በመሆኑ መቀደዱ። አንገቷ ላይ የቀረው ቀይ መስመር ለመጥፋት ከወር በላይ ወሰደ። ከአጠገባችን የነበረች የሱማሌ እናት ራሷ ላይ ያለውን ናይሎን ጋርባሳር በእጇ ይዛ «ይህ ቢሆን ኖሮ አይቀደድም ነበር» አለችን። ሌላ ምንም አላለችም፤ እኛም ምንም አልመለስንም። በማግስቱ ሽፋን ልገዛ ስሄድ የሸጥኩበትን ብር እጥፍ በላይ ከፈልኩ። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ይህን የምጽፈው ግን ዝግ ካቴና ሁሌም ትክክል ነው ለማለት አይደለም። የሽንኩርት ነጋዴው ወጣት ቅሬታም እውነት አለው። ሦስት ዓይነት ነገር እንደምናምታታ ላስረዳ። አንደኛው ክፍት ካቴና ነው፣ ከላይ ከለላ ብቻ ያለው። ሁለተኛው የማርስተን ዓይነት ነው፣ ውስጡ ዘይት ያለው የታሸገ ሣጥን። ሦስተኛው ዛሬ በሕንድና በጃፓን ሞተሮች ላይ ያለው ነው፦ ዝግ ግን ደረቅ ሣጥን። አቧራውን ይከለክላል እንጂ ዘይት አይሰጥም። ብዙ ሰው «ዝግ ነው» ብሎ ሲተወው ካቴናው በጨለማ ውስጥ ይዝጋል። በዝናብ ወቅት ውኃ ከገባም ክፍት ካቴና ንፋስ እንደሚያደርቀው ቶሎ አይደርቅም። ከገቢሌ ሲመጣ አንድ ወዳጃችን የካቴናውን መጋጠሚያ የምትይዘው ቀጭን ክሊፕ ወልቃ ካቴናው በሣጥኑ ውስጥ ተጠቅልሎ ላሜራውን ቀደደው። ክፍት ቢሆን ኖሮ ክሊፗ መላላቷን ጠዋት ሲነሳ ያያት ነበር። (ክሊፕ ሲገባ ክፍት ያልሆነው ጫፏ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መሆን አለበት፤ ተገልብጣ ከገባች ትወልቃለች።)

አሁን ወደ ሐርጌሳ አቧራ እንመለስ። በጂላል፣ ማለት በደረቁ ወራት፣ ማሮዲ ጄህ ወንዝ አሸዋ ብቻ ይሆናል፤ ንፋስ ያንን አሸዋ ከተማው ላይ ይበትነዋል። ክፍት ካቴና የተቀባው ዘይት ይህን አሸዋ ይይዛል። አሸዋ ከብዙ ብረት ይጠነክራል፤ ከዘይት ጋር ሲደባለቅ የሞረድ ሥራ ይሠራል። ካቴና «ተለጠጠ» እንላለን እንጂ ብረቱ አይለጠጥም፤ በውስጡ ያሉት ፒኖችና ቡሾች ተፍቀው ሲሳሱ ነው ርዝመቱ የሚጨምረው። ስለዚህ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በካቴና ላይ ማፍሰስ፣ በተለይ በክፍት ካቴና፣ ቁጠባ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ዘይቱ ራሱ በብረት ብናኝና በጥቀርሻ የተሞላ ነው። ወፈር ያለ የካምቢዮ ዘይት በትንሹ ቀብቶ ትርፉን በጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

ካቴናው ማለቁን በዓይን መገመት አያስፈልግም፤ በማስመሪያ ይለካል። በካቴናው ጎን ላይ 428 ወይም 420 የሚል ቁጥር አለ። የመጀመሪያው አራት ቁጥር ከአንድ ፒን እስከ ቀጣዩ ፒን ያለው ርቀት አራት ስምንተኛ ኢንች ነው ማለት ነው፣ በሚሊ ሜትር 12.7። የቀሩት ሁለት ቁጥሮች ስለ ስፋቱ ናቸው፤ 28 ከ20 ይሰፋል። ስለዚህ በ428 ካቴና 20 ማያያዣ ሲወጠር አዲስ ከሆነ 254 ሚሊ ሜትር ነው። 259 ከደረሰ ሁለት ከመቶ አልቋል፤ ያኔ ካቴናውን ከሁለቱም ጥርሶች ጋር አብሮ መቀየር ነው። ካቴናውን ብቻ በአሮጌ ጥርስ ላይ ማስገባት አዲስ ጫማ ላይ እሾህ እንደመትከል ነው፤ ያለቀው ጥርስ አዲሱን በቶሎ ይበላዋል።

በ1970ዎቹ የመጣ ሌላ መፍትሔም አለ፤ በየፒኑ መካከል ትንሽ የጎማ ቀለበት ያለበት ካቴና። ቀለበቷ ፋብሪካው ያስገባውን ግራሶ ውስጥ ትይዛለች፣ አሸዋውንም ወደ ፒኑ አታስገባም። ሣጥኑን አሳንሶ እያንዳንዱን ማያያዣ ለየብቻ መዝጋት ማለት ነው። ትልልቅ ሞተሮች ክፍት ካቴና ይዘው የሚዘልቁት በዚህ ነው። ዋጋው ግን ከተራው ይበልጣል፤ ከካቴናው እንጂ ሰውን ከካቴናው አያድንም።

የሚመጣው ጊዜ ደግሞ ጥያቄውን ራሱን ሊያስቀረው ይችላል። ኢትዮጵያ በጥር 2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግሮች እየበዙ ነው። ከኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎቹ ብዙዎቹ ኢንጂናቸው በኋላ ጎማው መሐል ላይ የተሠራ ነው፤ ካቴናም፣ ሣጥንም፣ ጥርስም የላቸውም። አንዳንዶቹ ግን አሁንም በካቴና ይሄዳሉ፤ ስለዚህ በቶጎ ውጫሌ በኩል ስትገዙ ጎንበስ ብላችሁ ጎማውን እዩ።

የዚያን ዕለት አዴር ክርክሩን የፈታው በንግግር አይደለም። ማስመሪያ አውጥቶ የሽንኩርት ነጋዴውን ካቴና ለካ፤ 20ው ማያያዣ 261 ሚሊ ሜትር መጣ። የሚንኳኳው ሽፋኑ ሳይሆን ያለቀው ካቴና ላሜራውን እየመታ ነበር። ካቴናውንና ሁለቱን ጥርሶች ቀየረለት፣ የጎደለውን ቡሎን አስገባ፣ ሽፋኑንም መልሶ አሰረው። ከዚያ በሣጥኑ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ የጎማ ክዳን በጣቱ አወጣና አሳየው። በእሷ ቀዳዳ ጣት ገብቶ ካቴናው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ልል መሆኑን መለካት፣ ዘይትም መቀባት ይቻላል። ወጣቱ ሞተሩን ከገዛ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ክዳኗ መውጣቷን አያውቅም ነበር። እኔም ያንን ሞተሬን ስገዛ አላውቅም ነበር።

ክፍቱን ለያዘው ደግሞ አዴር አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፦ «ከኋላህ ማን ይቀመጣል?» ሰውየው «እናቴ ናት፣ ገበያ አደርሳታለሁ» አለ። አዴር ከመደርደሪያው አሮጌ ሽፋን አውርዶ ይለካለት ጀመር።

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይላሉ አባቶቻችን። ዓርብ ሱቁ ስለሚዘጋ ጊዜ አለን፤ ያቺን የጎማ ክዳን አውጥታችሁ እዩ። ሽፋኑን ያወለቃችሁ ካላችሁም፣ ላሜራው ገና ቤታችሁ ጥግ ላይ ከሆነ፣ አትሽጡት።